ለብረት ለባሹ የተለቀሰ ቅዳሜ

ከዚህ ከተቀመጥኩበት አያስነሣኝ፤ ከማወራህ ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ። ልብ በል፣ ቆሜ አልማልኩም። ቆሞ የሚምል ሰው ለመሮጥ ያሰበ ነው። እኔ ጉልበቴ ከከዳኝ ቆይቷል። የቀረችኝ ምላሴ ናት፤ እሷም አልፎ አልፎ ታነክሳለች።

ስለ ምን ነበር የጀመርኩት? አዎ፣ ስለ ሮቦት።

የልጅ መጫወቻውን ድንክ አይደለም የምልህ። ያን በፊልም የሚመጣውን ነው። እግሩ ዓባይ በረሃ ቆሞ ራሱ ጮቄ ተራራ ላይ ደመና የሚበትነውን። ከባሕር ደግሞ አውሬ ይወጣል። ለምን እንደሚወጣ አይጠየቅም። ይወጣል፣ ፎቁን እንደ ሸንኮራ ያኝካል፣ ልጣጩን ይተፋል። ከዚያ ሮቦቱ ይመጣና ይያያዛሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። የፍኖተ ሰላም ሰው ሁለት ወይፈን ሲዋጋ መስክ ላይ በነጻ ያየው የነበረውን፣ ጨለማ ቤት ገብቶ በትኬት ያይ ጀመር። ሥልጣኔ ማለት ምን ይመስልሃል ታዲያ?

ሮቦቱን የሚነዳ አንድ መልከ መልካም ልጅም አይጠፋም። ደረቱ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ባጃጅ ይነዳዋል። ፎቅ ይናድበታል፣ እሳት ይበላዋል፣ አውሬ ይውጠዋል፤ እሱ እቴ፣ ፀጉሩ እንኳ አይበላሽም። ለምን እንደማይሞት ጌታሁንን ጠይቄው ነበር። «ጋሼ፣ ከሞተማ ክፍል ሁለትን በምን ይሠሩታል?» አለኝ። ጌታሁን ከመናኸሪያው ጀርባ የቪዲዮ ቤት የነበረው ሰው ነው። ቤቱ ቆርቆሮ፣ ወንበሩ አግዳሚ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተደፈነ። ክረምት ሲሆን ዝናቡ ጣሪያውን ስለሚደበድበው የፊልሙን ጦርነትና የሰማዩን ጦርነት መለየት ያስቸግር ነበር።

ዘመኑ መቼም ታስታውሰዋለህ። ያ ሁሉም ሰው አንድ ለአምስት ተደራጅ የሚባልበት፣ ስብሰባ ከዝናብ የሚበዛበት ጊዜ ነው። የቀበሌያችን ሰውዬ ፊልም ሲያይ እንኳ ስብሰባ ላይ ያለ ይመስለው ነበር። አንድ ቀን ሮቦቱ በአውሬው ጅራት ተመትቶ ሲንከባለል ብድግ ብሎ፣ «ችግሩ ምንድን ነው፣ ብቻውን ነው የሚለፋው፤ አንድ ለአምስት ቢደራጅ ይህ ሁሉ አይደርስበትም ነበር» አለ። አጨበጨብንለት። ካላጨበጨብን አይቀመጥም።

እኔ እዚያ ቤት ተርጓሚ ነበርኩ።

አትሳቅ። መጀመሪያ ጌታሁን እንግሊዝኛ የሚያውቅ መምህር አምጥቶ ነበር። መምህሩ ጨዋ ሰው ነው፤ የተባለውን ብቻ ይተረጉማል። ፊልሙ «ሂድ» ሲል «ሂድ» ይላል። «ተጠንቀቅ» ሲል «ተጠንቀቅ» ይላል። በሁለት ሳምንት አግዳሚው ባዶ ሆነ። የተባለውን ብቻ የሚናገር ሰው ለማን ይጠቅማል? ያን ጊዜ ጌታሁን ወደ እኔ መጣ። በደርግ ጊዜ ምጽዋ ወታደር ስለነበርኩ በከተማው ባሕር ያየሁ እኔ ነኝ። «ጋሼ ታደገ፣ ባሕር ያየ ሰው እንግሊዝኛ አይጠፋውም» አለኝ። እኔም አሰብኩና እውነቱን ነው አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያተኛው ሳይገባ፣ ፊልሙን ከጌታሁን ጋር ለብቻችን ከነፍጻሜው አየዋለሁ። ከሰዓት ሪሞቱን ይዤ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሪሞቱ ለምን መሰለህ? የእኔ ንግግር ከፊልሙ ስለሚረዝም ነዋ። ቆም አደርገውና እጨርሳለሁ። አውሬው ሲያጓራ «የማን አባት ገደል ገባ!» ይላል እላለሁ። ሮቦቱ ክንዱን ሲያነሣ አቆመውና አባቱን ከነአያቱ ቆጥሬ እፎክርለታለሁ። ስሙንም ብረት ለባሽ አልነው። ሰው ዱላውን ይዞ ይነሣል፣ ዘራፍ ይላል። አንዴማ አንድ የማንኩሳ ገበሬ፣ አውሬው ብረት ለባሹን ከኋላ ሊነክሰው ሲል፣ «እኔ እያለሁ!» ብሎ ቴሌቪዥኑን በሽመል ሊመታ ሲል አምስት ሰው ነው የያዘው። ከዚያ ወዲያ «ዱላ ውጭ ይቀመጥ» ተብሎ በሩ ላይ ተጻፈ። ገበሬው ግን እስከ ዛሬ ቅር እንዳለው ነው። «ይህን ሁሉ ብረት የሰው ልጅ አቅልጦ ማረሻ ባያደርገው፣ እግዜር ነው አውሬውን የላከበት» ይላል።

እስቲ አሁን ወደ ባንቺአየሁ ልምጣ። ቀስ ብዬ ነው የምመጣው፤ ሮጦ የሚደረስባት ሴት አይደለችም።

ባንቺአየሁ አልቃሽ ናት። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከማንኩሳ እስከ ቆላው፣ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፣ ቀጥሎ እሷ ትጠራለች። አንዳንዱ ቤት ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ሙሾ ስታወርድ የሟቹን መልክ አታወድስም፤ ሁሉም ሟች መልከ መልካም ነው። እሷ የምታነሣው ትንሿን ነገር ነው። ሚስቴን የቀበርኩ ቀን፣ ሟቿ በሬው ደንግጦ እንዳይነሣ በሩን በእግሯ ጣት እየገፋች ትከፍት የነበረውን አነሣችው። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ ያላየሁትን ባንቺአየሁ ከጎረቤት ሆና አይታዋለች። ያን ቀን ያለቀስኩት እንባ ማሳ ያጠጣል። ቡሬ ደግሞ አንድ ክፉ ሰው ሞቶ ስታለቅስለት፣ ጠላቶቹ ደረታቸውን ደቅተው፣ ከበረት ያለው በሬ እንባውን አውርዶ፣ ሟቹ ራሱ «እንዲህ ነበርኩ እንዴ?» ብሎ ሊነሣ ምንም አልቀረው። ይህን ያየ ሰው ነግሮኝ ነው፤ የእኔ እጅ የለበትም።

ይህች ሴት አንድ ልጅ ነበራት። ይበልጣል ይባላል። ብየዳ ሠራተኛ ነው። የፍኖተ ሰላምን የብረት በር ግማሹን የሠራው እሱ ነው፤ ከብረት ጽጌረዳ የሚያወጣ እጅ ነበረው። ጌታሁን ቤት ሲመጣ ከፊት አግዳሚ ይቀመጥና እኛ ስንፎክር እሱ የሮቦቱን ብየዳ ይተች ነበር። «ጋሼ፣ ያቺ የትከሻው መገጣጠሚያ አትይዝም፤ አይተው የለ፣ ዛሬም እዚያው ላይ ነው የሚመታው» ይለኛል። አውሬውም ሄዶ እዚያው ላይ ይመታዋል።

ከዚያ እንደ ጓደኞቹ በመተማ ወጣ። ሱዳን ገባ። አሸዋውን አቋረጠ። መጨረሻ የደወለ ጊዜ፣ «እማ፣ ነገ እንሻገራለን» አላት። ነገ መሸ፤ ከነገ ወዲያም መሸ። ከዚያ ዓመት መሽቶ ነጋ።

ወሬ መቼም አይጠፋም። አንዱ ጀልባው ተገለበጠ አለ። አንዱ እስር ቤት አለ አለ። ሦስተኛው ወሬ ጣሊያን አገር ገብቶ የበር መሥሪያ ከፍቷል የሚል ነበር። ይህ ሦስተኛው ከየት እንደተነሣ አትጠይቀኝ።

እንግዲህ ስማኝ፤ መርዶ በእኛ አገር ሕግ አለው። ወፍ ሳይንጫጫ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ጎረቤት ተከትሎ ነው የሚነገረው። የሚያረዳውም የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት፤ አየሁ የሚል፣ ወይ ካየው ሰማሁ የሚል። በጥርጣሬ አይነገርም። መርዶ ካልተነገረ ለቅሶ የለም። ለቅሶ ከሌለ ተዝካር የለም። ሟቹ መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ እናትየዋም በር ላይ ቆማ ትቀራለች።

ሽማግሌ ሆነን ሦስት ጊዜ ሄድን። እኔም ነበርኩበት። ሦስቱንም ጊዜ በሩን ሳናንኳኳ ከፈተችው። ለብሳ፣ ቆማ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችን፦ «ማን አየ?»

ማንም አላየም። ጋቢያችንን ሰብስበን ተመለስን። ሦስተኛው ጊዜ ስንመለስ ከኋላችን፣ «ቁርስ ሳትበሉ ትሄዳላችሁ?» አለች። ከእሷ ቤት ተርቦ መመለስ እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ለሰው ማልቀስ ተወች። «አፌን ከከፈትኩ ስሙ ይወጣል፤ በሕይወት ያለ ልጄን እንዴት አሟርትበታለሁ?» አለች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ለአገሩ ሁሉ ያለቀሰችው ሴት ለራሷ አንዲት ጠብታ አጣች። አገሩም ተጎዳ። ሰው እንደ እህል ጆንያ ዝም ተብሎ ይቀበር ጀመር። ቡሬ አንድ ሽማግሌ፣ ካህን ጠርቶ፣ ንስሐ ገብቶ፣ ቆርቦ፣ ሁሉን ጨርሶ፣ «ባንቺአየሁ ካልመጣች አልሞትም» ብሎ እምቢ አለ። ልጆቹ ቢለምኑት ወይ ፍንክች። ድግሱ ተዘጋጅቶ ሟቹ ጠፋ።

አንዳንዴ እኔ ዘንድ ትመጣ ነበር። ባሕር ያየሁ ነኛ። አንድ ቀን ቁጭ ብላ፣ «አያ ታደገ፣ ባሕር እንዴት ነው?» አለችኝ። ሌላ ሰው ስለ ባሕር ሲጠይቀኝ ምን እንደምል ታውቃለህ? ዓሣው ሲያስነጥስ መርከብ ይገለበጣል፣ ማዕበሉ ማታ ሰፈር ገብቶ ጠዋት ይወጣል እላለሁ። ለእሷ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«ብዙ ውሃ ነው እታለም» አልኳት።

«ይቀዘቅዛል?»

«ኧረ ይሞቃል። እንደ ገላ መታጠቢያ ነው።»

«ደግ» አለች። እንደገናም፣ «ደግ» አለች። ተነሥታ ሄደች።

ምጽዋ ስለሚሞቀው እንዲያ አልኳት። ወዲያኛውን ባሕር እኔ አላውቀውም።

እንዲህ ሆነን ነው ያ ቅዳሜ የመጣው። አዲስ ፊልም ከባሕር ዳር ደርሶ ነበር። ጠዋት ከጌታሁን ጋር ከነፍጻሜው አየነው። ብረት ለባሹ ከአውሬው ጋር ባሕር ውስጥ ተናንቆ የሚሰምጥበት ፊልም ነው። ከሰዓት ቤቱ ሞላ። የበቆሎ ሻጩ፣ የአህያ ነጂው፣ የቀበሌው ሰውዬ፣ ያ የማንኩሳ ገበሬም ዱላውን ውጭ አስቀምጦ ገብቷል። ልጀምር ስል በሩ ተከፈተና ብርሃን ገባ። ባንቺአየሁ ናት።

ወጣቶቹ ከፊት አግዳሚ ተነሡ። «እማማ፣ ይቀመጡ» አሏት። ይበልጣል ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠች፤ ማንም አልነገራትም። አንዱ ወጣት፣ «እማማ፣ አውሬው እንዳያስደነግጥዎት!» አላት።

«ከየት ነው የሚወጣው አላችሁ?»

«ከባሕር ነው።»

«እንግዲያ ልየው» አለች።

ወዳጄ፣ ያን ቀን ምላሴ ተሳሰረ። አውሬው ሲያጓራ «ያጓራል» አልኩ። ብረት ለባሹ ሲመጣ «መጣ» አልኩ። ከኋላ አንዱ፣ «ኧረ ጋሼ ታደገ፣ ዛሬ መምህሩን ሆኑብን!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ዓይኔ ከፊልሙ ይልቅ ፊት አግዳሚው ላይ ነበር። እሷ አውሬውን አላየችውም ብዬ እምልልሃለሁ። ያ መሬት የሚያክል ጭራቅ እያገሳ፣ እሷ የምታየው ውሃውን ነበር። ውሃው ከፍ ሲል አገጯ ከፍ ይላል። ዝቅ ሲል ዝቅ ይላል።

አውሬው የብረት ለባሹን ትከሻ ነከሰ። ያችኑ መገጣጠሚያ። ልጁ ደረቱ ውስጥ እየጮኸ፣ ሁለቱ ተቃቅፈው ሰመጡ። ሰመጡ፣ ሰመጡ። የሮቦቱ መብራት ጠፋ። ከላይ ሰማያዊ ውሃ ብቻ ቀረ፤ አረፋ ብቅ፣ ጥልቅ የሚልበት። እዚያ ላይ ምስሉ ቀጥ አለ።

«ሲዲው ተጭሯል» አልኩ።

ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። «ትኬታችን!» ያለው ማን እንደነበር አውቃለሁ፤ ስለሞተ አልነግርህም። ጌታሁን ወደ ዴኩ፣ ወደ ሲዲ ማጫወቻው አየ። ወደ እኔ፣ ሪሞቱን ወደያዘው እጄ አየ። ወደ እሷ አየ። ከዚያ እጁን አጣምሮ ቆመ።

ባንቺአየሁ ተነሣች።

«አያ ታደገ።»

«አቤት እታለም።»

«ጠዋት አንተ ከነፍጻሜው አይተኸዋል አሉ።»

«አይቻለሁ።»

«በዓይንህ?»

«በዓይኔ።»

«ልጁ ወጣ ወይስ ቀረ?»

ተመልከት እንግዲህ። በከተማው ውስጥ በውሸት ከእኔ የሚስተካከል የለም። ይህን ሕፃን ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። እኔ «እንደምን አደራችሁ» ስል ሰው ወጥቶ መንጋቱን ያረጋግጣል። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ፣ ያን ጥያቄ እኔን ጠየቀችኝ።

«ቀረ፣ እታለም» አልኩ።

«አየህ?»

«አየሁ።»

ነጠላዋን ፈታች። ቀስ ብላ፣ ገበያ ላይ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው ጥለቱን በእጇ ፈለገችና ዘቅዝቃ ለበሰችው። «እናቱ አልሰማችም» አለች። «የሰው አገር ልጅ ነው። አልቃሽ አጥቶ ይቅር?» አለች። ያን ጊዜ ያ ለዓመታት የተዘጋ ድምፅ ተከፈተ፦

*ከብረት ቤት ሠርቶ ገብቶበት ነበረ፣*
*ውሃ በየት ገባ፣ በሩን ማን ሰበረ?*

የማንኩሳው ገበሬ መጀመሪያ ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀና «ወይኔ ወንድሜን!» ብሎ ደረቱን መታ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ተነሣ። የእሷ ድምፅ ቆርቆሮውን አልፎ ገበያው ውስጥ ገባ። የእኛን አገር ሰው ታውቀዋለህ፤ ለቅሶ ሲሰማ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ይሮጣል። ጥያቄው እንባው ላይ ይደርስበታል። እህል የሚሰፍረው ቁናውን ጥሎ መጣ። በግ የሚገዛው በጉን እንደጎተተ መጣ።

«ማን ሞተ?»

«ብረት ለባሹ።»

«ምን ሆኖ?»

«ባሕር በልቶት።»

«የማን ልጅ ነው?»

«የሰው ልጅ ነው።»

«ወይኔ ወንድሜን!» እያለ ይቀላቀላል።

የዕድራችን ዳኛ ከድንኳን ተሸካሚዎች ጋር እያለከለከ ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ ጉዳዩን ሰማ። «ይህ ሰውዬ አባል ነው?» አለ። አይደለም ተባለ። «በአባል በኩል የሚዘመደው አለ?» አለ። ድንኳኑ መሬት ላይ እንዳለ፣ ይተከል አይተከል ሳይወስን፣ ሰውዬው ራሱ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። የቀበሌው ሰውዬ ደግሞ ይህ ሁሉ ሕዝብ ያለ ፈቃድ መሰብሰቡ ስላሳሰበው እየዞረ፣ «አጀንዳው ምንድን ነው? አጀንዳው ምንድን ነው?» ይል ነበር። እሱም ሲጠይቅ ጉንጩ እርጥብ ነበር። ይህን ለክብሩ ልመስክርለት።

በመጨረሻ ቄስ ይትባረክ መጡ። የባንቺአየሁ የንስሐ አባት ናቸው። ከገበያ ጨው ገዝተው ሲመለሱ ነው ለቅሶውን የሰሙት። ገቡና ቴሌቪዥኑን አዩ። ያቺ ሰማያዊ ውሃ እንደቆመች ናት። ተቆጡ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው? ለብረት ነው የምታለቅሱት? ለአሻንጉሊት?»

«አባ፣ ውስጡ ልጅ አለበት» አላቸው የማንኩሳው ገበሬ። «ነፍስ ይማር ይበሉለት እንጂ።»

ቄሱ ብልህ ናቸው። ከሕዝብ ጋር ከመጣላት በአንዲት ጥያቄ ነገሩን ሊዘጉት አሰቡ። የፈረንጅ ፊልም ልጅ ያንን ከየት ያመጣዋል?

«ጥሩ» አሉ። «ያለ ክርስትና ስም ጸሎት አይደረስም። የክርስትና ስሙ ማን ይባላል?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ወደ እኔ ዞረ። እኔ፣ ለአውሬው አያት ስም ያወጣሁ ሰውዬ፣ አንዲት ስም አጣሁ።

«ወልደ ሰንበት» አለች ባንቺአየሁ።

በቀስታ ነው ያለችው። ቄስ ይትባረክ የጨው ቋጠሯቸው ከእጃቸው ወደቀ። ይበልጣልን ያጠመቁት እሳቸው ናቸዋ። ያን ስም እሳቸው ናቸው ያወጡለት፤ ከእሳቸውና ከእናቱ በቀር የሚያውቀው ሰው ቢኖር ጥቂት ነው። ግን ቤቱ ሁሉ ገባው። እንዴት እንደገባን አላውቅም። ከበጉ በቀር ሁላችንም ገባን።

ቄሱ ጎንበስ ብለው ጨዋቸውን ማንሣት ጀመሩና ተዉት። ምን እያሰቡ እንደነበር እሳቸውና ፈጣሪያቸው ያውቃሉ። ከዚያ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ።

«የአገልጋይህን የወልደ ሰንበትን ነፍስ» አሉ፣ «በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ አኑርልን።»

«አሜን» አልን።

ማንም «ይበልጣል» አላለም። ያን ቀን ስሙን ያነሣ የለም። የዕድሩ ዳኛ ግን እንባውን ጠርጎ ተነሣና ለተሸካሚዎቹ፣ «ምን ትጠብቃላችሁ? ድንኳኑን እሷ ደጅ ትከሉት» አለ። እሷም ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግታ፣ መዳፏን መስተዋቱ ላይ፣ ውሃው ላይ አድርጋ፣ ሁለተኛውን አወረደች፦

*የሩቅ አገር እናት፣ ያንቺን ላልቅስልሽ፣*
*የኔም ወዲያ ወድቋል፣ አደራ በምድርሽ።*

ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ደግፈው ወሰዷት። ያ የብየዳ ጽጌረዳ ያለበት በሯ ለለቅሶተኛ ሁለት ወገን ተከፈተ። ሣልስቱ ሆነ፣ ሰባቱ ሆነ፣ አርባው ሆነ። ለተዝካሩ ጠላ የጠመቀው ሰፈሩ ነው፤ እኔም ከጌሾው ጀምሬ እስከ መጨረሻው ጋን ድረስ አልተለየሁም፣ በተለይ ከመጨረሻው ጋን። እሷም ከዓመቱ በኋላ ለሰው ማልቀስ ጀመረች። ያ ሞት እምቢ ያለ የቡሬ ሽማግሌ፣ መጀመሯን በሰማ በሳምንቱ ዕረፍት አደረገ። ልጆቹ እስከ ዛሬ ይመርቋታል።

ጌታሁን ያችን ፊልም ደግሞ አላሳየም። ቢጠይቁት «ተጭሯል» ይላል። ባንቺአየሁ ሄዳ፣ «ልጁ ያለበትን ስጠኝ» ስትለው አውጥቶ ሰጣት። በክር አንጠልጥላ ጓሮዋ በቆሎው መሃል ሰቀለችው፤ ሲዲ በፀሐይ ሲብለጨልጭ ወፍ ያባርራል። በቆሎ እሸት ሲደርስ ልጠይቃት ሄጄ አየሁት። ነፋስ ሲነካው ይዞራል፣ ብርሃን ይረጫል። አወረደችውና በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። ወደ ፀሐይ አዘነበለችው። በጣቷ ዙሪያውን ዳበሰችው።

«አያ ታደገ፣ ጭረቷ የት ጋ ናት?» አለችኝ።

«ለዓይን አትታይም እታለም።»

ከሲዲው ቀና ብላ አየችኝ።

«አዎ» አለች፣ «ለዓይን አትታይም።» መልሳ ሰቀለችው። እሸት ጠብሳ ሰጠችኝ።

ይኸው ነው ወዳጄ። ሙሉው እውነት ነው። አውሬው ፎቅ ማኘኩ እውነት ነው። የቡሬው በሬ እንባው እውነት ነው። የሽማግሌው ሞት እምቢ ማለትም እውነት ነው። ብረት ለባሹ ጮቄን ማከሉንም ከፈለግህ ቆሜ እምልልሃለሁ።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ፣ ለጨዋታው ማማሪያ ብዬ፣ ከራሴ ጨምሬበታለሁ። ሲዲው አልተጫረም ነበር።

በል አሁን እጅህን ስጠኝ። ቅድም ብቻዬን ልነሣ ሞክሬ እምቢ ብሎኛል።